«በሞቴ» የማይባልበት አገር

ሻምበሉን ያወቅኋቸው የአሠሪዎቼ ሕንፃ በር ጠባቂ ሆነው ነው። አዲስ አበባ ተወልደው በንጉሡ ጦር ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ደርግ ሲመጣ በጣሊያናዊው አባታቸው ዜግነት ሮም ገቡ። ወረቀት የጨነቀው ሐበሻ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ኩዌስቱራ፣ የውጭ ዜጋ ወረቀት በሚያወጣበት ፖሊስ ጣቢያ ደጅ፣ ከእኛ ጋር ሲሰለፉ እንኳ ሰልፉን ሊመረምሩ የመጡ አዛዥ ይመስሉ ነበር።

በዚያ ሰሞን ፔርሜሶ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት አንዲት እህታችን ታማ ከሐኪም ቤት በር ተመለሰች። ሐኪም ቤቱን የሚያዘው ሬጂዮኔ የሚሉት የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ነው። «እዚያ ውስጥ አንድ ሰው በኖረን» ይሉ ጀመር ሻምበሉ። እኔም ከውዳሴ ማርያም በኋላ ይህንኑ በጸሎቴ እጨምር ነበር።

እግዜር ሰማ። አንድ ሐሙስ፣ እኛ የቤት ሠራተኞች በምናርፍበት ቀን፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ ከአንድ ፓርቲ የተላከች ሲኞራ መጣች። ሻምበሉ ለምክር ቤቱ እንዲወዳደሩ ጠየቀቻቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ኧረ ለእኔ አይገባም፤ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም» አሏት በጣሊያንኛ።

«ፔካቶ» አለች፤ ያሳዝናል ማለቷ ነው። ቦርሳዋን አንሥታ፣ ጨብጣን ሄደች።

ሻምበሉ በሩን እያዩ ቀሩ።

«አንዴ እንኳ አልለመነችኝም እኮ!»

«እምቢ አሏታ።»

«እምቢ መቼ አልሁ? ለወጉ ነው እንጂ! እንግዳ በቃኝ ሲል ሳህኑን ያነሡበታል እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

ሣቄን ዋጥሁት። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።

«ይሂዱና ‹እፈልጋለሁ› ይበሏት።»

«ሹመት ይለመናል? አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አይደለሽም? አባቶች ከሹመት ይሸሹ ነበር።»

«እነሱ የሸሹት የሚያሳድዳቸው ስለነበረ ነው፤ እርስዎን ማን ተከተለዎት?»

ዳግመኛ ወደ በሩ ዞሩ።

«ጦር ቤት ስምዎ ሲጠራ ‹በሞቴ› እስኪሉዎት ይጠብቁ ነበር?»

«ያ ትእዛዝ ነው፣ እህቴ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው የታመመችው ልጅ አዘዘችኝ ይበሉ።»

ክራቫታቸውን አጠበቁ። የፓርቲው ቢሮ ሩቅ አልነበረም፤ ተከትያቸው ሄጄ ዳዊቴን በልቤ እየደገምሁ ደጅ ቆምሁ። ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ምን አሏት?»

«‹ቮልዮ› አልኋት። እፈልጋለሁ! በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን።»

«እሷስ?»

«‹ቫ ቤኔ›፣ እሺ ብላ መዘገበችኝ። ምንም አልገረማትም እኮ!»

በመጀመሪያው ምርጫ ወደቁ። በሚቀጥለው ገቡ፤ ድምፅ የሌለኝ እኔ እንኳ አሠሪዎቼን ስለምንላቸው ከረምሁ። ከዚያ ወዲያ ታማሚ ሁሉ ተቀባይ አገኘ አልልም፤ ከበር የተመለሰች ስትኖር ግን የሚጠይቅላት ነበራት።

በገቡበት ዓመት ለፋሲካ ጠራናቸው። ወጥ ልጨምር ጭልፋ ሳነሣ «በቃኝ» አሉ። መለስሁት።

ቀና ብለው በቅሬታ አዩኝ።

«ምነው እህቴ? ይሄ እኮ ሬጂዮኔ አይደለም፤ በሞቴ በይ እንጂ!»