ጉንዳኖቹን ያየሁት እኔ ነኝ

አዳዳ ሐሊማ በጥፊ የመታችኝ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በረመዳን፣ በጎረቤት ሴቶች ፊት ነው። ዛሬም የማር ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚግለው ግራ ጉንጬ ነው። የአባት እህትን እኛ ቤት አዳዳ ነበር የምንለው፤ እሷ ደግሞ የአባቴ ታላቅ ስለነበረች፣ ከገጠር ከቢዮ አዋሌ በመጣች ቁጥር ቤቱ የእሷ ይሆን ነበር።

አባቴ ድሬዳዋ መጋላ ገበያ ውስጥ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ለዓመታት የሳበው የዱቄት ብናኝ ሳንባውን ጎድቶት፣ ብርድ ሲገባ ደረቱ እያፏጨ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው ለመድረስ ሁለቴ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሕመሙ ሲጠናበት የሰፈራችን ክሊኒክ ድሬሰር ትንፋሽ የሚከፍት ክኒን ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ግቢውን ዞረ። ያቺ ነጭ ፍሬ ትልቅ ሰው ማንሳቷ ገርሞኝ፣ አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ አልተለየውም።

ሙቀቱ ሲገባ አባቴ ውሃ አልበቃው አለ። ድሬዳዋ በግንቦት ውሃ የማይጠማው ሰው የለምና ማንም ልብ አላለውም፤ ሲከሳም ሳንባው ነው ተባለ። አዳዳ ሐሊማ ለሳል ከማር የሚበልጥ የለም እያለች በየሳምንቱ በጣሳ ታመጣ ነበር። ረመዳን ሲገባ እሱ ካልጾምኩ ስላለ፣ ማፍጠሪያው ላይ ማሩን በውሃ በጥብጣ በትልቅ ኩባያ ታጠጣው ጀመር፤ ጥሙም ከጾሙ ተቆጠረ።

አንድ ጠዋት ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ ላደርስለት ስወጣ፣ ከግንቡ ሥር፣ እሱ ወደሚሸናበት ቦይ የሚሄድ የጉንዳን መስመር አየሁ። ቁጢጥ ብዬ ተከተልኳቸው። ወንድሞቼ የሸኑበትን ረግጠው እያለፉ አባቴ የሸናበት ላይ ብቻ ይቆሙ ነበር። እነዚህ ትንንሽ ፍጥረቶች ስለ አባቴ እኛ የማናውቀውን እንደሚያውቁ ገባኝ።

ከሰዓት ሴቶቹ ሳምቡሳ ሲጠቀልሉ ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀች። አዳዳ ሐሊማ ሊጥ በነካ እጇ መታችኝና፣ «ባለጌ፣ የአባትሽ ሽንት ዘበኛ አደረጉሽ?» አለችኝ። እናቴ ከሳምቡሳው ቀና አላለችም፤ ይህንንም አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ ስለ ጉንዳኖቹ ዝም አልኩ፤ በየጠዋቱ ግን ሄጄ አያቸው ነበር።

ከኢድ በኋላ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወረደ ሰሞን፣ አባቴን ትኩሳት ያዘው፤ አየር አጠረው፣ ሰው መለየትም አቃተው። እናቴና አዳዳ ሐሊማ ከጎረቤቶች ጋር ተሸክመውት ክሊኒክ ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። ድሬሰሩ ከሳሉ ሌላ ያያችሁት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከእናቴ ጀርባ ሆኜ፣ «ሽንቱን ጉንዳን ይወረዋል» አልኩ።

ድሬሰሩ ሽንቱን ብልቃጥ ውስጥ ካለ ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ እሳት ላይ ያዘው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም እንደ ሸክላ ቀላ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ በአባቴ ሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለም ተደብቆ መክረሙ አሁንም ይደንቀኛል።

«ክኒኑ ትንፋሹን ይከፍታል፣ ስኳሩን ግን ከፍ ያደርጋል» አለ ድሬሰሩ። «ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ የደረቱ ኢንፌክሽን አይለቀውም። ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ማሩን አቁሙ።» ከዚያ ዞር ብሎ ጉንዳኑን መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች አዳዳ ሐሊማ።

አባቴ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ በመርፌም በክኒንም ዘጠኝ ዓመት ኖረልን። በየሳምንቱ ሽንቱን በጠርሙስ ለድሬሰሩ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር እየሮጥኩ እመለስ ነበር። አዳዳ ሐሊማ ግን በየሠርጉና በየለቅሶው ወንድሟን በጉንዳን እንዳዳነችው ስታወራ ኖረች።

ዛሬ ጉንዳንም እሳትም አያስፈልግም፤ ከአንዲት ጠብታ ደም ቁጥር የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ አለ። አዳዳ ሐሊማ እርጅናዋን እኔ ቤት ነው የጨረሰችው፤ እሷንም ስኳር ይዟት ነበር። ሊጠይቋት ለሚመጡ ሁሉ የጉንዳኑን ታሪክ ከመጀመሪያው ትጀምርላቸው ነበር። እኔ ጣቷን ወጋሁ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሻይዋን ያለ ስኳር አቀረብኩ። አራት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።