በስቅለት ዕለት የተበሳው ብሎን

ማንግ ፊደንሲዮ የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው፤ የማላኖግ መንደር ግን የሚያውቀው በትንሣኤ ንጋት መልአክ በማውረዱ ነበር። የሐዘንተኛዋ እናትና ከሙታን የተነሣው የልጇ ምስሎች በሁለት ሰልፍ፣ እናቲቱ በሴቶች ልጇ በወንዶች ታጅበው መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲገናኙ፣ እርሱ ከቀርከሃና ከአሮጌ ብረት ካቆመው ቅስት አንዲት ክንፍ የለበሰች ልጅ በገመድ ትወርድና የእናቲቱን ጥቁር መሸፈኛ ታነሣለች። ልጅቷን የሚሸከማት ከአግዳሚው ብረት የተንጠለጠለ አንድ ባለቀለበት ብሎን ነው። ፊደንሲዮ በብሎኑ አናት ሁለት ዳዶ አንዱን በአንዱ ላይ ያጠብቃል፤ ጫፉን በስቶም ሽቦ ያሳልፍበታል። ዳዶው ቢላላ እንኳ ሽቦውን አልፎ አይወጣም።

በዚያ ዓመት የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት ማዳም ፑሪፊካሲዮን፣ መልአኳ በአየር ላይ እየተሽከረከረች አበባ እንድትበትን ወሰኑ። ወደ ግራ የሚዞር ሸክም ብሎን እንደሚፈታ ፊደንሲዮ በስብሰባው ላይ አስረድቷል፤ አልሰማሁም የሚል ቢኖር ይዋሻል። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ሽቦው ፎቶ ያበላሻል ተብሎ አሮጌው ብሎን ኀሙስ ዕለት ባለቤቱ ሳይጠየቅ ወጣ። የተተካው ወርቅማ ብሎን ቀዳዳ የለውም፤ ዳዶውም አንድ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ፊደንሲዮ ቅስቱ ላይ ወጥቶ ዳዶውን በጣቱ ነካው። ዞረ። ያላላው የአንድ ቀን ልምምድ ነበር። የዚያ ዓመት መልአክ ደግሞ የልጁ ልጅ ሊጋያ ነበረች።

በማላኖግ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ብረት በብረት አይነካም። መዶሻ ያነሣ ጌታን ዳግም ይቸነክራል፤ ጦሱም ለእርሱ ብቻ አይቀርም ይባላል። ፊደንሲዮም ያምንበት ነበር። ሰብሳቢዋን በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ስኳር ድንች ሲበሉ አገኛቸው።

«ማዳም፣ ብሎኑን ልብሳው። ካልሆነ ማሽከርከሩ ይቅር።»

«ዛሬ? ጌታ በተቸነከረበት ቀን መሰርሰሪያ ሊያስጮኹ? እርጅና ከጉልበት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እርስዎ ዘንድስ አናት ደርሷል።»

«ልጅቷ ትወድቃለች።»

«ከፈሩ ሊጋያን ያስቀሯት፣ ማንግ ፊደንሲዮ። ክንፉን ለልጃቸው የሚመኙ እናቶች ሞልተዋል።»

ይህ በንዴት ያመለጠ ቃል አልነበረም፤ ማንኪያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። ለሽማግሌው የተውለት ምርጫ የማን ልጅ ትውደቅ የሚለውን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሕማማቱ ዜማ በሚነበነብበት ሰዓት መሰርሰሪያው ጮኸ። ዜማው ተቋረጠ። ፊደንሲዮ ሽቦውን አሳልፎ ወረደ፤ በመንገዱ የቆመ ሁሉ ዞር አለለት።

እሑድ ንጋት ሊጋያ ተሽከረከረች፣ አበባዋን በተነች፣ በደኅና ወረደች። መንደሩ ግን ያልደረሰውን አደጋ ሊያስታውስ አይችልም፤ የሰማውን ጩኸት አስታወሰ። ዝናብ ሲዘገይ ምክንያቱ ታወቀ። የአሊንግ ቴሪያ ሕፃን በትኩሳት ሲሞትም ምክንያቱ ታወቀ፤ እናቲቱ በገበያ መካከል ፊቱ ቆማ፣ «ልጄን የበሳው ያንተ መሰርሰሪያ ነው» አለችው። እርሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሞተር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ቀረ። ማዳም ፑሪፊካሲዮን ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ መንደሩ ሲሳሳት አለማረም በቂ ነበር።

በዓመቱ ኮሚቴው ከፍ ያለ አዲስ ቅስት በሌላ ሰው አሠራ። ፊደንሲዮ እንዳይጠጋ ተነገረው። የተበሳውን ብሎን ከነሽቦው ይዞ ሄዶ በአዲሱ ቅስት ላይ እንዲገጥሙት ለምኖ ነበር፤ ከበር መለሱት።

በትንሣኤ ንጋት ከወንዶቹ ሰልፍ ጫፍ ቆመ። ክንፍ ለብሳ ከላይ የምትታየው ለአሊንግ ቴሪያ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት። መዝሙሩ ተጀመረ፤ ልጅቷም ወደ ግራ መዞር ጀመረች። በአንደኛው ዙር ምንም የለም። ቀጥሎ ግን፣ በአግዳሚው ውስጥ ተሰውሮ የነበረው የብሎን ጥርስ ከሥሩ ብቅ ብሎ በችቦው ብርሃን አበራ።

ፊደንሲዮ ጮኸ፤ የደወሉ ድምፅ ዋጠው። ሰልፉን ጥሶ ከልጅቷ በታች ደረሰና ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ንስሐ መግባቱ ነው» አለች ከሴቶቹ አንዷ፤ ፈቀቅ ብላም ቦታ ለቀቀችለት።

የተበተነው አበባ በግንባሩና በመዳፎቹ ላይ ይወርድ ነበር። ከአበባው በላይ ልጅቷ እየሳቀች ትዞራለች።