የፈረንጁ አባት ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ስታይ አንድ ዜማ ሰማሁ። እጄ ላይ የነበረው ድንች ሳይላጥ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዜማ ነው፤ ድሮ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ሞላ ቪዲዮ ቤት፣ ከጄኔሬተር ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ የምንሰማው የአሜሪካ ድራማ መክፈቻ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«የድሮ ፊልም ነው እማዬ። ሁሉም ክፍል አለ።»

ሁሉም ክፍል! የመጨረሻውም? ቢላዋዬን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሞላ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያቆመኝና የሚባለውን እየተከተልኩ ለሕዝቡ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ልናገርና ግማሹን አልሰማውም ነበር፤ ፊታቸውን እያየሁ ነው የምሞላው። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የባቄላ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ በግድግዳው ቀዳዳ የሚገባውን ብርድ እየተራገመ ያዳምጠኛል።

ታሪኩ ስለ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ነው። ልጁ ያለ ፈቃዱ ከቤት ወጥታ ሌላ አገር ትኖራለች፤ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ እሱ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ሰዉ ፊልም ሊያይ ገብቶ ዳኛ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጠላ ሻጯ እትዬ ውድነሽ ደግሞ የዳኞች ሁሉ ዳኛ ናት።

«እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም? የነፍስ አባትስ?» ትላለች። «ያን የሚያህል ቤት ይዞ እንግዳ የማይገባበት! ደሞ አንድም ቀን ምግባቸውን ሲጨርሱ አላየሁም። አንድ ጎርሰው ተነስተው መሄድ! የሚበላ ሰው ቢኖር እኮ ይታረቁ ነበር።»

አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ይሰማል። የአባቴ ነገር ነው እንግዲህ ዋናው። አባባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ብቻውን ያሳደገን። ታላቅ እህቴን ይታይሽን ለአንድ የታወቀ ሰው ልጅ ሊድራት ቃል ሰጠ፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ እሷ ሌሊቱን ወደ ደብረ ታቦር ጠፋች። እዚያ አንድ አናጢ አገባች። አራት ዓመት ሙሉ በአውቶብስ ሾፌር እጅ ደብዳቤ ትልካለች፤ አባባ ሳይከፍት የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከተማው ይህን ያውቃል። አባባን ደፍሮ የማይናገረውን ሁሉ ታዲያ በፈረንጁ ላይ ያወርድበታል።

«ጨካኝ! ምን ዓይነት አንጀት ነው!» ይላሉ ፈረንጁን፣ አባባን በጎን እያዩ።

አንድ እሁድ ግን አልቻለም። «ልጅቷ አይደለች ያጠፋችው? ድንጋይ ተሸክማ አትመጣም? ድንጋዩን ልጅ ነው የሚሸከመው እንጂ አባት ነው?» አለ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ የተበደለው እግር ላይ ይወድቃል፤ ይቅርታ ማለት እሱ ነው።  እኔም አስተርጓሚዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም የሚሳሳም ሰው አናይም ብሎ ሰዉ ቀረ፤ ሞላም ቤቱን ዘጋ። የቀረው አንድ ካሴት ብቻ ነበር፣ መጨረሻው። አስቀድሜ እንዳጠናው ብለን እኔና ሞላ ስንከፍተው ማጫወቻው ካሴቱን በላው። ሞላ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «እስከ ፋሲካ እግዜር ያውቃል፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ።

ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ወፍጮ ቤትም ምንጭ ወርዶም ወሬው ያ ፈረንጅ ነው። ይሄዳል፣ አይሄድም። ትመጣለች፣ አትመጣም።

በሆሳዕና ሰሞን ሾፌሩ አዲስ ደብዳቤ አመጣ። «አያት ሆነዋል ጋሽ ደሴ» ብሎት ሄደ። አባባ ደብዳቤውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብዙ ሰፋ። ከዚያ ቀና ሳይል ጠራኝ።

«ስንዱ፣ አንቺ መጨረሻውን አይተሽዋል አይደል?»

«የምኑን?»

«የፈረንጁን።»

«አይቼዋለሁ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ታዲያ ልጅቷ መጣች?»

መጣች ብዬ ብነግረው ቁጭ ብሎ ሊጠብቃት ነው። «አልመጣችም። አባትየው ሄደ» አልኩት።

ፔዳሉ ላይ የነበረው እግሩ ቆመ። «ራሱ? ሽማግሌ ሳይልክ?»

«ራሱ።»

«ምን አለችው?»

«አባባ አለችው።»

 በማግስቱ ማለዳ ነጩን ጋቢውን ለብሶ፣ በሶ ቋጥሮ፣ አውቶብስ ተሳፈረ። እኔ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም፤ በር ዘግተውበት ቢመለስ በኔ ውሸት ነው የሚሞተው እያልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአውቶብስ ሲወርድ ሕፃኑን ያቀፈው እሱ ነበር። ይታይሽ ከኋላው ቆማ ታለቅሳለች። ደብረ ታቦር ምን እንደተባባሉ ግን ሁለቱም አልነገሩኝም።

በፋሲካ ማግስት ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ እስከ በሩ ጢም አለ። ሞላ ያን የተበላ ካሴት ጠጋግኖት ነበር፤ ዜማው ጀመረ፣ ተንተባተበ፣ ቀጥ አለ። ጩኸቱን ብትሰሙ! «መጨረሻውን አምጣ!» እያሉ ጣሪያውን ሊያወርዱት ሆነ። ያን ጊዜ አባባ ከኋላ ተነሳ።

«እኔ አውቀዋለሁ፤ ልንገራችሁ» አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ሽማግሌው ተነሳ። አውቶብስ ተሳፈረ።»

«ያን የመሰለ መኪና እያለው?» አለች እትዬ ውድነሽ።

«ተበላሽቶበት ነው። ሰፈሯ ደረሰ። በሯን ሲያየው እግሩ እምቢ አለው። ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳ፣ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ሄዶ ደጃፏ ላይ ተደፋ።»

 አንዱ «አባት? ድንጋይ?» አለ።

«ተሸከመ አልኳችሁ! ጥፋቱ የሱ ነበራ።» እጁ ሳያውቀው ማጅራቱ ላይ ሄደ።

አጠገቤ ያለችው ይታይሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ያኔ ነው የማንን ታሪክ እንደሚያወራ የገባኝ። ያኔ ነው ሁሉም የገባው መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሞላን ካሴት አምጣ ያለው ሰው የለም። እትዬ ውድነሽ ብቻ፣ «እሰይ! አሁን ገና ሰው ሆነ» አለች። ሰዉ በየተራ የአባባን ትከሻ እየነካ ወጣ።

አባባ ካረፈ ዓመታት ሆኑት። እውነቱን ሳልነግረው ነው የሄደው። ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ያን የመጨረሻ ክፍል አየሁት። ፈረንጁ አልሄደም። ወንበሩ ላይ ሞተ፤ ልጅቷ ለቀብር መጥታ መሳቢያውን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ምግብ ዛሬም የበላው የለም። አለቀስኩ፤ ልጄ ደንግጣ ታየኛለች።

ማታውን ሳልጠብቅ ደብረ ታቦር ለይታይሽ ደወልኩ።

«እታለም፣ የዚያ ፊልም መጨረሻ ተገኘ።»

«እና?»

«አልሄደም። ሳይታረቁ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

 «እሰይ እንኳን ዋሸሽ፣ የኔ እህት» አለችኝ።

«አባባ የተሸከመው ድንጋይስ አለ?»

«የት ይሄዳል? ይኸው በሩ እንዳይዘጋ ይዞልኛል፤ ዛሬ ንፋስ ነው።»