ባምባሲ ላይ የተደፋች ጣሳ

ስርጉት ባምባሲ ከተመደበች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ የእንግሊዝኛ መምህርት ነች፣ ገና በሙከራ ላይ ያለች። ባለፈው የክፍል ምልከታ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ምንያህል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያያት ተማሪው ሁሉ ድምጹን ዋጠ፣ እሷም ብቻዋን ለፍልፋ ወጣች። ውጤቱ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ሐሙስ ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ነው፤ ይኼኛውም ከተበላሸ ቋሚ መሆን የለም፣ ሻንጣን ሸክፎ አዲስ አበባ እናት ቤት መግባት ነው። ጎረቤቱ «ምነው ቶሎ መጣሽ?» ሲላት ምን ልትመልስ ነው?

መቼስ እድሏ ሆኖ የሳምንቱ ትምህርት ‹ሲግኒፋይ› የሚለው ቃል ነበር። አንድ ምልክት ከጀርባው ምን እንደያዘ ለመናገር እንግሊዞች ኮስተር ሲሉ የሚያወጡት ቃል ነው። ስርጉት «ያመለክታል ማለት ነው» አለች፣ ተማሪው ጻፈ። «ይወክላል፣ ይጠቁማል» ብላ ጨመረች፣ እሱንም ጻፈ። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስትል ግን ዝም! ለነገሩ የክፍሉ ግማሽ ቤቱ በርታኛ ወይ ኦሮምኛ የሚናገር ነው፤ አማርኛውንም የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። አንዱን የሰው ቋንቋ በሌላው የሰው ቋንቋ ስትፈታለት ምን ብሎ ይመልስላት!

ረቡዕ ከሰዓት በንዴት ቤቷን ስታጸዳ ዋለች። የዱቄት ወተት ጣሳዋን ስኳር ልታደርግበት አጠበችና፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብላ በመንገድ በኩል ካለው የቀርከሃ አጥር በአንዱ እንጨት ጫፍ ላይ ደፋችው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ላደገች ልጅ አጥር ማለት አጥር ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። አናጢው አቶ ቸሩ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሟል።

«እንደምን ዋልሽ እናት? ጠላው ደርሷል?»

ስርጉት ክው አለች። የለም፣ ተሳስታችኋል ብላ ሸኘቻቸው። እነሱ ከመሄዳቸው ሌሎች መጡ፤ አንዱማ ጭራሽ ገብቶ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ጩኸቷን ሰምተው የመጡት አከራይዋ እማማ በቀለች፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው፣ አጥሩን አይተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍተሽ ሰው ለምን መጣ ትያለሽ? ‹ጠላ አለ፣ ግቡ› ብለሽ እኮ ነው የጠራሽው!»

እሳቸው ጣሳውን አወረዱ፣ ወሬው ግን መቼ ወረደ! ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስታልፍ ተማሪዎቹ እየተጠቃቀሱ ይንሾካሾካሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ክፍል ስትገባ አቶ ምንያህል ኋላ ተቀምጧል። ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ጠየቀች፤ አሁንም ዝም። ከጥግ በኩል አንዱ አፍኖ ሲስቅ ሰማች፤ በምን እንደሚስቅ መቼ ጠፋት። ያኔ እልህ ያዛት። ከሳቃችሁ አይቀር በደንብ ሳቁ ብላ እንጨት ሳለች፣ ጫፉ ላይ የተደፋ ጣሳ ሳለች፣ ይህ ምን ‹ሲግኒፋይ› ያደርጋል ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሳቁ መሃል መልሱ በእንግሊዝኛ ከየአቅጣጫው ተወረወረ። ጠላ! ጠላ መኖሩን! እኔ ቤት ጠላ ነበር ወይ አለች። የለም አሉ። ታዲያ ሰዎቹ ለምን መጡ? ምልክቱን አይተው፣ አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! አንዱ አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ ቅርንጫፍ ከፊት የተበላሸ መኪና እንዳለ ‹ሲግኒፋይ› ያደርጋል አለ፤ ሌላዋ ሰው ቤት ደጅ የተተከለ ድንኳን ለቅሶ ወይ ሠርግ መኖሩን አለች። ስርጉት አንድም የአማርኛ ፍቺ አልጨመረችም።

አቶ ምንያህል በመጨረሻ ከወንበሩ ተነሣና፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ባያችሁት ነገር ላይ ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው ብሪቱ እጇን አወጣች። ቀስ እያለች፣ ቃሉን ቦታው ላይ አስቀምጣ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው።

«የመምህራችን እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ የሚያመለክተው ስለ እኛ እንደምትጨነቅ ነው።»

ስርጉት እጇን አየችው፤ እውነትም ጠመኔው ይርገበገባል። ስለ ራሷም እንደተጨነቀች መናገር አሰኝቷት ነበር፣ ግን ዞር ብላ የብሪቱን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። አቶ ምንያህል ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ከእንግዲህ የሚያንቀጠቅጥሽ የለም፣ ለቋሚነትሽ እኔው እፈርማለሁ አላት።

በዕረፍት ሰዓት እናቷ ጋ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳታስቀድም «እማዬ፣ አልመጣም!» አለች።