አስተርጓሚው ይውጣልን

«አቦ ተወን አልኩህ! አንተ እዚህ ቆመህ ከልጄ አፍ አንዲት ቃል አትወጣም!» አለችኝ እናትየዋ በሶማሊኛ፣ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አድርሳ።

«ምን አለች?» አለኝ ዶክተሩ።

«ልጅቷ አትናገርም አለች።»

«እሱ ቅድም ነግረሺኛል! የት ያማታል? እሱን ጠይቂ!» ፈረንጅ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል።

ረፋዱ ሳይጋመስ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ በሙቀት መንጫጫት ጀምሯል። ሶማሊኛውን መጋላ ሰፈር ኳስ ስራገጥ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ለቃቅሜ ነው በዚያን ጊዜ ድሬ ዳዋ ላይ አስተርጓሚ ተብዬ የተቀጠርኩት። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስናገር እውልና ማታ ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ አፌ ውስጥ የራሴ ቃል አላገኝም ነበር። ያን ቀንማ ገና ከጠዋቱ ዝያለሁ።

ልጅቷ ከቢዮ አዋሌ በጭነት መኪና መጥታለች። ከወለደች ወዲህ ትኩሳቱ አልለቀቃትም። አልጋው ላይ ተጋድማ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ እናትየዋም ይዣት እሄዳለሁ ብላለች። እንዲህ ሆና ከተመለሰች እንደማትተርፍ ዶክተሩ ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። እኔም ሳልሸፋፍን ለእናትየዋ ነግሬያታለሁ።

«ሁዮ፣ እናቴ፣ ዶክተሩም እኮ ወንድ ነው» አልኳት። «እሱ እንዲያያት ፈቅደሽ የለ? እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

«ጆሮህንስ ወዴት ታዞረዋለህ?»

በአገጯ ወደ ዶክተሩ ጠቆመች።

«ፈረንጁ ድንጋይ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም፤ ነገ አገሩ ይገባል። አንተ ግን የባሏ ወንድም ሱቅ በር ላይ ሻይ ስትጠጣ አይቼሃለሁ።»

«ወላሂ ለማንም አላወጣም!»

«ባታወጣስ? ማወቅህን ታውቃለች። ባየችህ ቁጥር መንገድ ልትቀይር ነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቋንቋቸውን ማወቄ በሩን ሁሉ የሚከፍትልኝ ይመስለኝ ነበር። እሷን ግን ያስቸገራት ማወቄ ነው። ለዶክተሩ ነገርኩት። ያለችን አንዲት ነርስ ሶማሊኛ አትችልም። ሌላ ሴት እንፈልግ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

ደጅ ወረፋ ከሚጠብቁት መሀል ዓይኑ የታመመ ሕፃን ያቀፈች ሶማሊት አለች፤ ከመልካ ጀብዱ ወተት እያመጣች ከዚራ ሰፈር የምትሸጥ። እናትየዋ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ መጀመሪያ የጠየቀቻት ጎሳዋን ነው። ከልጇ ባል ዘመዶች የማትገናኝ ሌላ ጎሳ ሆና ስታገኛት ፊቷ ፈታ አለ።

«ያቺ ትግባ» አለች።

ዶክተሩ እጁን አወናጨፈ። «እሷ ወተት ነው የምትሸጠው! የበሽታ ቃል አታውቅም። ተሳሳተች፣ ልጅቷ ሞተች!»

«ዶክተር፣ እኔ ወተቴ ውሃ የለውም ብዬ ከስንቱ ጋር በአማርኛ ተጣላሁ!» አለች ወተት ሻጯ። «የሴት ሆድ ያቅተኛል? ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አሳይሃለሁ።»

ዶክተሩ አልሳቀም። ግንባሩን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ምን ልበል? እኔም ፈርቻለሁ። የማኅፀኑን ነገር የሆድ አድርጋ ብታወራስ? ደሙን ከመግሉ ባትለይስ? የሚበጀውን አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም ጉልበት አልነበረኝም። ድንገት ወደ አልጋው ስመለከት ልጅቷ ሻሿን ከጥርሷ ለቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ ወተት ሻጯን ታያለች።

«ልውጣ» አልኩ።

«እንካ፣ ይዘኸው ቆይ» ብላ ወተት ሻጯ ሕፃኑን አስታቀፈችኝ። «ዓይኑን እንዳታስነካው፣ አንተ ዋርያ!»

ደጃፉን ሳልሻገር ልጅቷ በቀስታ መናገር ስትጀምር ሰማኋት። እንዳልሰማ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ወተት ሻጯ በሩን በተረከዟ ገፍታ ከኋላዬ ዘጋችው።