ግሪን ካርዱን ጥሎ የሄደው ጎረቤታችን

ልጅ እያለሁ በየእሑዱ ወደ አገር ቤት እንመለስ ነበር። ከሶፋው ሳንነሳ። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው አፓርታማችን የአባቴ ወዳጆች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰበሰቡና ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይደርቅ የመመለሱ ወሬ ይጀመራል። አንዱ ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር ሎጅ ይሠራል፤ አንዱ ዶሮ ያረባል፤ ሌላው ልጆቹን ባህላቸውን ሳይረሱ እዚያው ያስተምራል። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ አምናቸው ነበር። አንድ ሰሞን እንዲያውም ድንገት «ተነሺ፣ እንሂድ» ቢሉኝ ብዬ አሻንጉሊቴን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ግን ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የትም አይሄዱም። አገራቸውን የሚወዱት ከምሳ በኋላ ብቻ ነው።

የዚህ ሸንጎ ዋና ተናጋሪ ጋሽ ሽመልስ ነበር። «ነበሩ» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኛለች። ልጅ ሆኜ አንቱ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል። ታክሲ ይነዳል። ከኤርፖርት የሚያነሳውን መንገደኛ ሁሉ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያስተምር እንደሚውል ራሱ ይነግረናል። ሲናገር ጣቱን ወደ ኮርኒሱ እየሰበቀ «ሰው በሰው አገር አሽከር ሆኖ አይሞትም!» ይላል። ሌሎቹ «እውነት ነው» ይላሉ፣ አባቴ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ሁሉም ለሰኞ የሥራ ልብሳቸውን ሊተኩሱ ወደየቤታቸው ይበተናሉ።

ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ማዶ፣ የሚራ ቤት ነበር። ህንዶች ናቸው። በራቸው ሲከፈት ሰናፍጭ በትኩስ ዘይት ሲንጣጣ ይሰማል፤ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው የአንድ ቅጠል ሽታም መተላለፊያውን ይሞላዋል። ከእኛ ቤት የሚወጣው የቁሌት ሽታ መሐል ላይ ያገኘውና ሁለቱ ተቀላቅለው በደረጃው ይወርዳሉ። ከታች የሚኖሩት ሴትዮ በሁለታችንም ያማርሩ ነበር። ሚራ እኩያዬ ናት። እናቷ ጸጉሯን በኮኮናት ዘይት አሽታ ጥብቅ አድርጋ ትጎነጉናታለች፤ የትምህርት ቤቱ ባስ ውስጥ አጠገቧ ስቀመጥ የዘይቱ ሽታ ልብሴ ላይ ይቀራል። ፓርኪንጉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሥዬ ጨዋታውን አስተማርኳት። «ቅዳሜ» ማለት አቅቷት «ኪዳሜ» ትል ነበር፤ እግሯ ግን ከእኔ ይቀላል፣ ሁልጊዜ ታሸንፈኛለች።

ወደ አሜሪካ የመጣችው ቆማ መሄድ እንኳ ሳትጀምር፣ በእናቷ እቅፍ ነው። ወላጆቿ በቋንቋቸው ያናግሯታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ልክ እንደኛ ቤት። አባቷ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራ ነበር። ማታ ነጭ ጋዋኑን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ደረጃውን ይወጣል፤ ካገኘኝ «ሆምወርክ ተሠራ?» ይለኛል፣ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከዚያ ቤት ስለ መመለስ አንድም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ሆነን፣ የጥዱ አበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ባስ እየጠበቅን ሳለ ሚራ «ሙቭ ልናደርግ ነው» አለችኝ።

«ዱሉዝ?» አልኳት። ያኔ ኑሮ ትንሽ የቀናው ሰው ከክላርክስተን የሚሄደው ወደ ዱሉዝ ነበር።

«ህንድ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«የአያቴ ዓይን እየጠፋ ነው» አለች። «ስትንከባከባት የነበረችው አክስቴ ሞተች። እዚህ እናምጣሽ ሲሏት ከቤቴ አልወጣም አለች። እና አባቴ እኛን ሊወስደን ነው።» በቆመው መኪና ብናኝ ላይ በጣቷ መስመር አሰመረች። «አብዷል። እዚያ ማንን አውቃለሁ? ፊደሉን እንኳ ማንበብ አልችልም። ላይክ፣ ያለኝ ሰው ሁሉ እዚህ ነው።» ከዚያ ሳታየኝ «እናንተ ቤት መቅረት እችላለሁ? እናትሽን ጠይቂልኝ» አለች።

ጠየቅኳት። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ «ልጅ ከእናት ካባቷ ይነጠላል እንዴ?» አለች፤ ግን ቢላዋውን እንደያዘች ብዙ ቆማ ቀረች። ወሬው በዚያው ሳምንት ጋሽ ሽመልስ ጆሮ ገባ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተነሣ። «ይሄን ሰውዬ መምከር የጎረቤት ግዴታችን ነው» ብሎ አባቴን በክንዱ ጎትቶ፣ እኔን «አንቺ ደግሞ አስተርጉሚ» ብሎ፣ የሚራን ቤት አንኳኳ። ታክሲ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምርበት እንግሊዝኛ በሩ ላይ ጠፍቶበት ነው። የሚራ አባት በነጠላ ጫማ ወጣ። ከጀርባው ግማሽ የታሸገ ካርቶን፣ ከካርቶኑ አጠገብ ሚራ ቆማለች።

«በይው» አለኝ ጋሽ ሽመልስ፣ «ሰው ግሪን ካርድ ለማግኘት ባሕር ያቋርጣል፣ በረሃ ይበላዋል። አንተ እንዴት ትጥላለህ? በልጅህ ዕድል መጫወትህ ነው በይው።»

ነገርኩት። ሰውዬው ዝቅ ብሎ እያየኝ አዳመጠኝ።

«ለእናቱ ገንዘብ ይላክላት፣ ሠራተኛ ይቀጠርላት። እናት እኮ ሁላችንም አለን በይው።»

ይህንንም ነገርኩት። የሚራ አባት ፊቱ በራ። ወደ ጋሽ ሽመልስ ዞሮ፣ በጣም በትሕትና፣ «እናትዎ በሕይወት አሉ? መቼ ነው ያዩዋቸው?» አለ።

ተረጎምኩ። ጋሽ ሽመልስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኛማ በቅርቡ ጠቅልለን እንገባለን በይው» አለ።

«ጥሩ» አለ የሚራ አባት፣ በሙሉ ልቡ። «እንግዲያው እኔን ይረዱኛል።» ከዚያ ሻይ እንድንጠጣ ጋበዘን። አልጠጣንም። ሚራ ከካርቶኑ አጠገብ ሆና አባቷን እንደ ጠላት ታየው ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ ግን አልተቆጣትም።

ደረጃው ላይ ጋሽ ሽመልስ ድምፁ ተመለሰለት። «ይሄ ህንድ ናላው ዞሯል! ለላም ወደሚሰገድበት አገር ልጅ ይዞ መሄድ!» አለ። 

ወሩ ሳያልቅ እነዚያው ያበደ ያሉት ሰዎች ደጁ ላይ ተሰለፉ። ሰውዬው ዕቃውን ሁሉ በነጻ እየሰጠ ነበር። የዶሮ እርባታው ሰውዬ ማይክሮዌቩን ወሰደ፤ የሎጁ ባለቤት የምግብ ጠረጴዛውን እግር በእግር ፈትቶ ተሸከመ። ጋሽ ሽመልስ ሶፋውን ሁለት ሰው አሸክሞ ሲወርድ «ቀስ፣ እንዳይቧጨር!» እያለ ያዝዝ ነበር። በሕይወቴ ሰው መናቅ የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

የሄዱት ጠዋት ነው። ሚራ ከመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጣ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። መስኮቱን አንኳኳሁ። ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «ቻው እሺ» አለችኝ። ቢጫው ብናኝ በዝናብ ታጥቦ ነበር፤ መንገዱ ጥቁር ሆኖ ያበራል።

በተከታዩ ዓመት ደሴ የነበረችው የአባቴ እናት ሞተች። አባቴ ያኔ ፓስፖርትም ነበረው፣ የዓመት ዕረፍትም ነበረው። አልሄደም ነበር፤ ዘንድሮ፣ ከርሞ ሲል። አዳራሽ ተከራይተው ለቅሶ ተቀመጡ። ጋሽ ሽመልስ አንድም ቀን አይቷት የማያውቃትን ሴት «እናቴን! እናቴን!» እያለ ደረቱን መታ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን እንባው ሞልቶ ፈሰሰ፣ አንጀቱን እንጃ። የመጣው ሰው ሁሉ አባቴን «ልትገባ ስትል ቀደመችህ» እያለ ያጽናናው ነበር። ልትገባ ስትል! ከዚያ ሁሉ ውሸት ይህን የመሰለ ሰነፍ ውሸት አልሰማሁም። አባቴ አላለቀሰም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምንጣፉን ያያል። እሱንም ጭምር ናቅኩት።

ከሚራ ጋር ኢሜይል እንጻጻፍ ነበር። በተመለሱባት ሃይደራባድ ከተማ፣ የትምህርት ቤት ልጆች «አሜሪካ» ብለው ስም አወጡላት። ፊደል ስለማታነብ ከትንንሽ ልጆች ጋር አስቀመጧት፤ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። አባቷን ለወራት አላናገረችውም። ከዚያ መልእክቶቹ አጠሩ፣ ጠፉ። ዳግም የተገናኘነው ሁለታችንም ትልልቅ ሴቶች ከሆንን በኋላ ነው። የውሃ መሐንዲስ ሆናለች፤ ፊደሉንም ቋንቋውንም የራሷ አድርጋለች። ባለፈው የጸደይ ወራት ለሥራ አትላንታ ስትመጣ ከኤርፖርት ፒክ አደረግኳትና እሑዱን ዱሉዝ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ወሰድኳት።

ጋሽ ሽመልስም ነበር። ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። ማን እንደሆነች ሲነገረው ዓይኑን አጥብቦ ተመለከታትና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ቪዛሽ ለስንት ጊዜ ነው? እዚሁ ቅሪ እንጂ፣ ጠበቃ አለኝ» አላት።

ሚራ ሳቀች። «ቤቴ እዚያ ነው» አለች።

ከምሳ በኋላ አባቴ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ዕድሜውን ሁሉ በሥራ ቦታ የተማረው እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። «አያትሽ» አለ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ «ስትሄዱ… አወቀችሽ?»

«ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር» አለች ሚራ። «ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችኝ። አፍንጫዬ ላይ ስትደርስ የአባቴን ስም ጠራች።»  «ብዙ አልቆየችም። ከዓመት አይበልጥም። ግን ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ሲነካት እሺ አትልም።»

ጋሽ ሽመልስ በአማርኛ ወደ እኛ ዞሮ «ለአንድ ዓመት ዕድሜ ብሎ ነው ያን ሁሉ የጣለው? አላልኳችሁም?» አለ።

«ዝም በል ሽመልስ» አለ አባቴ።

እንዲህ ብሎት አያውቅም። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። እናቴ ሳህን እንደያዘች ቆመች። አባቴ ፊቱን ከሚራ ሳያነሣ «ጸጉሯ ነጭ ነበር?» አላት፤ እሷም ሁሉን ትነግረው ጀመር፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትወድ፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። አባቴ የራሱን እናት ነገር ይሰማ ይመስል እያንዳንዱን ቃል በአንገቱ ይቀበል ነበር። ዓይኑ ሞልቶ ሲፈስ ለመጥረግ እጁን አላነሣም።

ሚራን ወደ ሆቴሏ ሳደርስ በክላርክስተን በኩል አለፍኩ። የድሮው ግቢ በሌላ ቀለም ተቀብቷል፤ ፓርኪንጉ ላይ የማናውቃቸው ልጆች በማናውቀው ቋንቋ ይጯጯሃሉ። ያኔ በመኖሪያ ክፍላችን የሚቀመጡትን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልዬ ነበር የምንቃቸው፤ ለልጅ እንዲህ ይቀልላል። አሁን አባቴን ከመሐላቸው አውጥቼዋለሁ። ሽመልስን እዚያው ትቼዋለሁ።