አንድ ጣሳ ኖራ

የጥድ ሙጫ ሲፈላ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ጅማ ውስጥ ስሄድ ድንገት ይመጣብኛል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ የሚያፈላ ሰው ካየሁ ቆይቷል። ለእኔ ያ ሽታ የጎረቤቴ የኤርሲዶ ነው።

ኤርሲዶ ከሀዲያ ለቡና ለቀማ ሊሙ ገነት መጥቶ፣ ለቀማው ሲያልቅ ጅማ ገብቶ አናጢ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ልያን ብቻውን ያሳድግ ነበር። በደርግ ጊዜ ቫርኒሽ ከሱቅ ሲጠፋ ሌሎቹ አናጢዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እሱ ግን ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ካሉት የፈረንጅ ጥዶች ሙጫ እየፋቀ ያመጣና በዘይት ቆርቆሮ ያቀልጠዋል። ትንሽ ኖራ ጣል ያደርግበታል፤ ቀጥሎ የተልባ ዘይት፣ በመጨረሻም ማቅጠኛ ላምባ። ጭሱ ግቢዬን ሲሞላው እነጫነጭበት ነበር። አሁን ያ ጭስ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል።

"ኖራው ምን ያደርግልሃል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ሙጫ ብቻውን ሰነፍ ነው ጋሽ ሀብቴ። ሲሞቀው ይለሰልስና የነካውን ይይዛል። ኖራ ሲገባበት ነው ቀጥ የሚለው።"

ለጸሎት ቤታቸው ሃያ አግዳሚ ወንበር ሠርቶ የቀባውም እሱ ነው። ደርግ ጸሎት ቤቱን ሲዘጋው ወንበሮቹ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተጋዙ። የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩና ፈርሜ የተረከብኳቸው እኔው ነኝ። ኤርሲዶ በር ላይ ቆሞ ሲጫኑ አየ። "ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ሊቀመንበራችን ሽበሺ ወንበሮቹ ለበዓሉ እንደ አዲስ እንዲቀቡ አዘዘ። ኤርሲዶ ቢሮዬ መጥቶ አንድ ጣሳ ኖራ ለመነኝ። በከተማው የተገኘው ኖራ ሁሉ የመንገድ ዳር ድንጋይና የዛፍ ግንድ ነጭ ሊቀባበት ተሰብስቦ፣ የእኛ ድርሻ እኔ ጋ ተቆልፎ ነበር።

"ያለ ኖራ አይሆንም" አለኝ።

"ለበዓሉ የተመደበ ነው። እንደምንም ቀባው።"

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ጣሳ ቢጎድል የሚያውቅ አልነበረም። ፈርቼ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ባለ ቁልፍ መሆኑም ደስ ብሎኝ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ፀሐዩ ከረረ። ሕዝቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጠቅጥቆ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንግግር ሰማ። በመጨረሻ ለመፈክር ተነሱ ሲባል የተነሳ ሰው ጠፋ። ሸማኔው ቲጃኒ እንደምንም ቢነሳ ጋቢው ወንበሩ ላይ ቀረ። ከፊት የነበረው ሽበሺ በኃይል ብድግ ሲል የካኪ ሱሪው ተቀደደ። ሰዉ ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

"አሻጥር ነው ይህ" አለ ሽበሺ። ያኔ ይህች ቃል ሰው ታስበላ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኤርሲዶን አስጠርቶ ፊቱ አቆመው። "ጓድ ሀብተጊዮርጊስ፣ ቃሉን ጻፍ" አለኝ።

"ኖራ ሳልጨምርበት ቀርቼ ነው" አለ ኤርሲዶ።

"ለምን?"

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። "ረሳሁት።"

"የከለከልኩት እኔ ነኝ" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አጎንብሼ "ረሳሁት ብሏል" ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ወር ታሰረ። ልያ ምሳውን ስታመላልስ በደጄ ታልፍ ነበር፤ ሰዓቷን አውቄ ቤት እገባ ነበር። የተፈታ ዕለት በቀጥታ የመጣው ወደ እኔ ነው። "በዓሉ አለፈ አይደል? አሁን ኖራ አይጠፋም" አለኝ። አንድ ጆንያ ባሸክመው በወደድኩ። አንድ ጣሳ ብቻ ወሰደና ወንበሮቹን ፍቆ እንደገና ቀባቸው።

ደርግ ሲወድቅ ወንበሮቹ ለጸሎት ቤቱ ተመለሱ። ባለፈው ዓመት ኤርሲዶ ሲሞት የተሰናበትነው እዚያው ነው፤ እኔም ከነዚያ ወንበሮች ባንዱ ተቀመጥኩ። በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ሰዉ ቀለል ሲል ልያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የልጅ እናት ሆናለች። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ፣ ኖራውን የከለከልኩት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት።

"አውቃለሁ ጋሽ ሀብቴ" አለችኝ። "አባባ ያኔውኑ ነግሮኛል። 'እኔ ያለሽኝ አንቺ አንድ ነሽ፤ እሱ አምስት ልጆች አሉት' ነው ያለኝ። እርስዎ እኔን ሸሽተው ቤት ቢገቡም፣ ሰላም ሳልልዎት እንዳላልፍ አዞኝ ነበር።"